የደም ካልቸር ውጤት ለምን ቀናት ይፈጃል?

ጥያቄ፦ እናቴ በኃይለኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ በማለት ሆስፒታል ሲገቡ ከሁለቱም ክንዳቸው በርከት ያለ ደም ተወሰደ፤ የካልቸሩ ውጤት የደረሰን ግን በአራተኛው ቀን ነው። ወባ በደቂቃዎች እየታወቀ ይህ ለምን ይዘገያል? ፈጣን መሣሪያስ አልተሠራም? የተወሰደው ደም ብዛትም አሳስቦናል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወባን ማንሣትዎ ለማስረዳት ይረዳኛል። ፈጣኑ የወባ ምርመራ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 200,000 ያህል የወባ ተሕዋሲያን ሲኖሩ በሚገባ ይለያል፤ ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ በገባበት አዋቂ ሰው ግን በዚያው መጠን ደም የሚገኙት ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከ10 ያነሱ ናቸው፣ አንዳንዴም አንድ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ላቦራቶሪው ደሙን ለባክቴሪያ ምግብ በተዘጋጀበት ጠርሙስ አድርጎ እስኪባዙ ይጠብቃል፤ ካልቸር የሚባለውም ይኸው ነው። በአንዱ ዓይነት ጠርሙስ ሥር ያለው ክብ ምልክት፣ ባክቴሪያዎቹ በሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ወደ ቢጫነት ሲለወጥ የመጀመሪያው ፍንጭ ተገኘ ማለት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። የባክቴሪያውን ማንነት መለየትና የሚገድለውን መድኃኒት መፈተን በተለመደው አሠራር ተጨማሪ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጠይቃል።

ፈጣን መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ባዮፋየር የተባለው ጠርሙሱ ምልክት ከሰጠ በኋላ የባክቴሪያውን ማንነት በአንድ ሰዓት ገደማ ያሳውቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የቲ2 የባክቴሪያ ምርመራ ደግሞ ጠርሙሱን ሳይጠብቅ፣ በቀጥታ ከደሙ ጥቂት ዋና ዋና ባክቴሪያዎችን ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ይለያል። ይሁን እንጂ ሐኪሙን አብልጦ የሚያስጨንቀው ባክቴሪያውን የሚገድለው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ማወቁ ነው፤ ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር በአብዛኛው ሕያው ባክቴሪያን ከመድኃኒቱ ጋር አገናኝቶ ማየት ያስፈልጋል። በእኔ አመለካከት ለእኛ አገር ይበልጥ የሚስማማው በአውሮፓ የወጣው ቀላል ዘዴ ነው፤ ምልክት ከሰጠው ጠርሙስ የተቀዳው ደም የባክቴሪያ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ይቀባና መድኃኒት የተነከሩ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠውበት ባክቴሪያው በየትኛው ወረቀት ዙሪያ እንዳላደገ ከ4፣ ከ6 ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ይነበባል፤ ውድ ማሽንም አይጠይቅም።

የደሙ ብዛት አያሳስብዎ። ባክቴሪያዎቹ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ባነሰ ቁጥር ባክቴሪያው ሳይገኝ የመቅረቱ ዕድል ይጨምራል። ሕክምናው ደግሞ ውጤቱን አይጠብቅም፤ ደም እንደተወሰደ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ከዚያ በፊት ከፋርማሲ ገዝተው የዋጡት አንቲባዮቲክ ካለ ግን ባክቴሪያው በጠርሙሱ ውስጥ ላያድግ ስለሚችል፣ ደም ሳይወሰድ ለሐኪሙ ይንገሩ።