ነሐሴ ላይ ያየኸው መሬት

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የገበሬ ልጅ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ፍየልና ዶሮ አረባለሁ፣ አሁን ግን ጠበበኝ። ከከተማ ወጣ ብዬ ቤት ሠርቼ ሎሚና ፓፓያ ልተክል፣ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ላለማ፣ አንድ ላምም ልይዝ አስቤአለሁ። ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ። አንዱ ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ነው፤ አንድ ሄክታር፣ ሜዳ፣ የእጅ ጉድጓድ ያለው። ነሐሴ ላይ ሳየው ሣሩ ጉልበቴ ይደርስ ነበር፣ ጉድጓዱም ሞልቷል። ዳሩ ላይ ንጹህ አሸዋ ስላለ ለግንባታ አሸዋ አልገዛም። ሌላው ከደንገጎ በላይ ወደ አደሌ ሲሄዱ ነው፤ ግማሽ ሄክታር፣ ተዳፋት፣ ብርዳም። ደላላው ቶሎ ካልገዛሁ የመልካ ጀብዱውን ሌላ ሰው እንደሚወስደው ነግሮኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱ መባባል የለምና አንተ እያልኩ ልመልስልህ።

ደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ቃላት አስቆሙኝ። አንዱ “ነሐሴ”፣ ሌላው “አሸዋ” ነው።

ነሐሴ ላይ ድሬ ዙሪያ የማያምር መሬት የለም። ድንጋዩ ራሱ ያበቀለ ይመስላል። ደላሎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እስካሁን ጥር ላይ መሬት የሚያሳይ ደላላ አላጋጠመኝም። እስቲ አስበው፤ ከከተማ አጠገብ ያለ፣ ሜዳ የሆነ፣ ጉድጓድ ያለው መሬት ባለቤቱ ለምን ይለቀዋል? ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የእኔ ግምት ግን ውሃው በጋ ላይ ይከዳዋል የሚል ነው። የእጅ ጉድጓድ በአሸዋማ ወንዝ ዳር ሲሆን በክረምት ጎርፍ ይሞላል፣ ከታኅሣሥ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። አንተ ያየኸው የጎርፉን ውሃ ነው።

ስለዚህ አሁን አትወስን። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ ገመድና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘህ ሂድ። ከባጃጅ ሒሳብ ሌላ ወጪ የለውም። ማልደህ ድረስ፣ ሰው ውሃ መቅዳት ሳይጀምር። ገመዱ ጫፍ ላይ ድንጋይ እሰርና የውሃውን ፊት እስኪነካ አውርደው፤ ከጉድጓዱ አፋፍ ትክክል ገመዱን ቋጥር። ከዚያ 10 ጀሪካን ሙሉ ውሃ አውጣ። ድንጋዩን መልሰህ አውርድና ሁለተኛ ቋጠሮ አድርግ። በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ያለው ርቀት ውሃው የወረደው ልክ ነው። አሁን ጥላ ፈልገህ ተቀመጥ፣ ሰዓትህን ያዝ፣ በየሩብ ሰዓቱ ገመዱን እያወረድክ እይ። ውሃው ወደ መጀመሪያው ቋጠሮ ለመመለስ ስንት ሰዓት ፈጀበት? ደላላው “በቃ አየኸው አይደል” ቢልህም አትነሣ።

በአንድ ሰዓት ከተመለሰ ጉድጓዱ በሰዓት 200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። 10 ሰዓት ብትቀዳ 2,000 ሊትር፣ 100 ጀሪካን ታገኛለህ። ብዙ ይመስላል አይደል? ሽንኩርትህን እናስላው። በበጋ ሙቀት አንድ ካሬ ሜትር ማሳ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ሩብ ሄክታር 2,500 ካሬ ሜትር ነው፤ በቀን 12,500 ሊትር፣ ማለትም 625 ጀሪካን ሊጠጣ ነው። በ2,000 ሊትር የሚጠጣው 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ መደብ ብቻ ነው፤ ያውም ለቤትና ለከብት ምንም ሳታስቀር።

ሎሚው ግን ይሆናል። 100 ችግኝ ተክለህ በሦስት ቀን አንዴ ለእያንዳንዱ አንድ ጀሪካን ብትሰጥ በቀን 700 ሊትር ገደማ ነው። ሥሩን በማሽላ አገዳ ካለበስከው እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። ላሟ በድሬ ሙቀት በቀን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ትጠጣለች፤ አንድ ፍየል 5 ሊትር ገደማ። ሽንኩርቱን ለክረምት ተወው፣ የቀረው ተስማምቶ ይኖራል። ውሃው ለመመለስ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ከፈጀበት ግን ያ 200 ሊትር የቀን ሙሉ ውሃህ ነው። ለቤትና ለጥቂት ፍየል ይበቃል፣ እርሻ አትበለው።

እዚያው እያለህ ውሃውን ቅመሰው። ጥቂቱን ጠቆር ያለ ሳህን ላይ አፍስሰህ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ወፈር ያለ ነጭ ነገር ከቀረ ጨው አለበት፤ ሎሚ ደግሞ ጨው አይችልም፣ ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ይቃጠላል።

አሁን ወደ አሸዋው። “አሸዋ አልገዛም” ብለህ ደስ ብሎሃል። ያንን አሸዋ እዚያ ማን ያመጣው ይመስልሃል? በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የገደለበትን ጊዜ አንተም ታስታውሳለህ። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ላይ ነው፤ ድሬ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ላጋው፣ አሸዋማው ወንዝ፣ ሞልቶ ይመጣል። ስትሄድ የግራሮቹን ቅርንጫፍ ቀና ብለህ እይ። የተጠለፈ ገለባ፣ ፌስታልና ጨርቅ ታገኛለህ። እሱ ከተሰቀለበት ከፍታ በታች ቤት አይሠራም፣ ጋጣም አይሠራም። ከፍ ያለ ጎን ካለው ቤቱን እዚያ አድርገህ ታችውን ለማሽላ መተው ትችላለህ።

ሣሩ ጉልበቴ ይደርሳል ያልከውንም ድጋሚ እየው። ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ካለው ቅንጬ አረም ነው። የእኛ አገር ገበሬ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይለዋል፤ መሬትህን አስፈርሞ የሚያስለቅቅህ እንደማለት ነው። ከብት አይወደውም፣ ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል፣ ሰውንም ያሳክካል። አንተም ልትፈርም ነውና ስሙን አስብበት።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ። በየዓመቱ የማየው ነው። ሰዉ መጀመሪያ አጥር ያጥራል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ከዚያ ችግኝ ይገዛል፣ መጨረሻ ላይ ውሃ መፈለግ ይጀምራል። ሚያዝያ ሲደርስ ከቦቴ ውሃ እየገዛ ፓፓያ ሲያጠጣ ታገኘዋለህ። አቦ፣ በቦቴ ውሃ የበቀለ ፓፓያ ማን ገዝቶ ይችለዋል!

የአደሌው መሬት ላንተ ሐሳብ አይሆንም። ከደንገጎ በላይ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ፓፓያ ብርዱን አይወድም። ድንችና ጎመን ልትል ብትነሣ ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ደጋው ላይ ያለው ውሃም ዘላለማዊ አይምሰልህ። ሐረማያ ሐይቅ ፓምፑ በዝቶበት፣ ደለልም ሞልቶት በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር። ሐረርም ከዚያ ትጠጣው የነበረውን ውሃ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነባት።

“ካልገዛሁ” የምትለውንም ተው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ የሽያጭ ወረቀት ነገ ፍርድ ቤት አያቆምህም። ሰውየው የይዞታ ደብተሩን ያሳይህ። ደብተሩ ላይ የሚስቱ ስም ካለ እሷም ትስማማ። ከዚያ በግዢ ሳይሆን በኪራይ ተዋዋልና ኪራዩን መሬት አስተዳደር ቢሮ አስመዝግበህ ያዝ፤ ቤት የመሥራት መብት ይኖርህ እንደሆነም እዚያው አስቀድመህ ጠይቅ።

ልቤ ወደ መልካ ጀብዱው ያደላል፣ ገመዱ ካመነበት። ደላላው ሌላ ሰው ይወስደዋል ካለህ ይውሰደው። የካቲት ላይ ለክተህ በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል ስንት ክንድ እንዳለና ውሃው ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጻፍልኝ፤ ስንት ችግኝ እንደሚችል አብረን እናሰላለን። ላሟን እስከዚያ አትግዛ።