መስመሩን ሰብሮ ተመልሶ ስለወጣው ዋጋ

ወንድሜ፣ ስለ አክሲዮን ቻርትህ የጠየቅከው ይሄ ነው፦ «ከታች ትሬንድላይን (የዋጋውን ዝቅተኛ ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር) አሰመርኩ። ዋጋው መስመሩን ሰብሮ ሲወርድ ሸጥኩ። በማግስቱ ተመልሶ ወጣ። ታዲያ ትሬንድላይን ምን ይጠቅማል?» ይጠቅማል። ግን «ተሰበረ» የምትለው መቼ እንደሆነ አስቀድመህ መወሰን አለብህ።

የለጠፍከው ቻርት ላይ ያ ካንድል (የዚያን ቀን ዋጋ የሚያሳየው ምልክት) ወደ ታች ረጅም ዊክ አለው፤ ዊክ ዋጋው በቀኑ የደረሰበትን ጫፍ የሚያሳየው ቀጭን መስመር ነው። መዝጊያው (የቀኑ የመጨረሻ ዋጋ) ግን ከመስመሩ በላይ ነው። ማለትም ሻጮች በቀኑ መሀል ገፍተው አወረዱት፣ ገዢዎች ደግሞ ገበያው ሳይዘጋ መለሱት። እኔ በዕለታዊ ቻርት ስሠራ ቀኑ ከመስመሩ በታች ካልተዘጋ ተሰበረ አልልም። ይሄ የራሱ ዋጋ አለው፤ ውድቀቱ እውነተኛ ከሆነ ዘግይተህ ትወጣለህ። ስለዚህ የምትገዛው የአክሲዮን ብዛት ያንን ኪሳራ የሚችል መሆን አለበት።

መስመርህ ያረፈው ደግሞ ሁለት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ ካለ መስመር መቼም አይጠፋም። ዋጋው ሦስተኛ ጊዜ ወርዶ እዚያው ሲደርስ ተመልሶ ከወጣ ነው ገዢዎች እዚያ አካባቢ እየጠበቁ ነው ማለት የሚቻለው። ነጥቦቹን ስትመርጥም አንዱን በዊክ፣ ሌላውን በመዝጊያ አታድርግ። እንዲህ ካደረግክ የፈለግከውን መስመር ማውጣት ትችላለህ።

ብዙ ሰው የማያየው ግን ስኬሉን (የቻርቱን የዋጋ መለኪያ) ነው። ከ10 ወደ 20 የወጣ አክሲዮን እጥፍ ሆኗል። ከ100 ወደ 110 የወጣው ያደገው 10 በመቶ ብቻ ነው። በተራው ስኬል ሁለቱም እኩል ከፍታ ይታያሉ። በሎግ ስኬል ግን እኩል የሚታየው እኩል ፐርሰንት ነው። አንድ አክሲዮን ዝቅተኛ ዋጋው 20 ነበር እንበል፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ 40። በሁለቱ ነጥቦች መስመር ስታሰምር፣ በተራው ስኬል መስመሩ በቀጣዩ ዓመት 60 ላይ ይደርሳል። በሎግ ግን 80 ላይ። ያኔ ዋጋው 70 ቢሆን፣ በአንዱ መስመር ትሬንዱ (የዋጋው አቅጣጫ) ደህና ነው፣ በሌላው ተሰብሯል። አክሲዮኑ ያው አንድ ነው! ለጥቂት ሳምንታት ቻርት ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም። ዓመታትን ስታይ፣ ወይም ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሄድ፣ ሎግ ተጠቀም።

መስመር ተሰበረ ማለት ደግሞ ዋጋው ይወድቃል ማለት አይደለም። ሩጫው ቀነሰ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጎን ሊሄድም ይችላል። በተለይ በጣም ቀጥ ብሎ የወጣ መስመር ቶሎ ይሰበራል፣ ምክንያቱም በዚያ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ የሚጨምር ዋጋ እምብዛም ነው። ከአሜሪካዊው ጋዜጠኛና የገበያ ተንታኝ ከቻርልስ ዳው ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድ ትሬንድ የሚባለው ጣሪያውም (ዋጋው ወጥቶ የሚመለስበት) ወለሉም (ወርዶ የሚነሳበት) እየጨመረ ሲሄድ ነው። ስለዚህ መስመሩ ከተሰበረ በኋላ የመጨረሻው ወለል መያዙን አያለሁ። ያም ከተሰበረ እወጣለሁ። ከያዘ ግማሹን ሸጬ እጠብቃለሁ።

እባክህ አንድ ነገር አደራ፦ አክሲዮኑን ከያዝክ በኋላ መስመሩን ዝቅ እያደረግክ አታስተካክል። አዲስ ነጥብ ከመጣ አዲስ መስመር አስምር፣ የድሮውን ግን አታጥፋው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው ትሬንዱ መድከሙን ዓይንህ ራሱ ይነግርሃል።

አሁን ያንኑ ቻርት በሳምንታዊ ታይምፍሬም (አንዱ ካንድል አንድ ሳምንት በሚያሳይበት) ክፈተው፣ ወደ ሎግ ቀይረው፣ ነጥቦቹን ሁሉ በመዝጊያ ይዘህ እንደገና አስምር። ከዚያ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።