እማማን ይዘን ኪው ጋርደንስ እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምንኖረው ሊድስ ነው። ለፈረንጆቹ ፋሲካ የትምህርት ቤት እረፍት ለንደን ዘመድ ጋ እንሰነብታለን። እናቴ ከጎንደር መጥታ እኛ ጋ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ብርዱም አልተስማማትም። ልጆቹ 3፣ 7 እና 13 ዓመታቸው ነው። እኔ የለንደኑን ትልቅ የዕፅዋት ግቢ፣ ኪው ጋርደንስን፣ እንይ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ግን «ዛፍ ለማየት ይህን ሁሉ ፓውንድ?» ይላል። ትልቁ ልጅም ገና ስሙን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። ምን ይመክሩናል?
የሊድሷ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሂዱ። በተለይ እማማን ይዛችሁ ሂዱ። ለንደን ውስጥ የአገር ቤት እናት እንግድነቷን ረስታ ባለቤት የምትሆንበት ቦታ ብዙ የለም። ኪው አንዱ ነው።

መጀመሪያ የባለቤትሽን ነገር እንጨርስ። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ በኦንላይን ግዙ፤ በር ላይ ከመክፈል ይረክሳል። ከ4 ዓመት በታች ነጻ ስለሆነ ለትንሹ አትከፍሉም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ) የሚቀበል ቤተሰብ ደግሞ በ1 ፓውንድ የሚገባበት ትኬት አለ። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አያውቁም፤ እባክሽ ለጎረቤትም ንገሪ። ዊልቸር በነጻ ያውሳሉ፤ ግን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። እማማ «እኔ ሽባ ነኝ ወይ?» ብለው ይቆጡ ይሆናል። አስይዢው። ግቢው ከ120 ሄክታር በላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ይፈልጉታል።

ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር፣ በቪክቶሪያ መስመር ቪክቶሪያ ድረስ፣ ከዚያ ሪችመንድ በሚለው የዲስትሪክት ባቡር ኪው ጋርደንስ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። በእግር ትንሽ ሄዳችሁ ቪክቶሪያ ጌት የሚባለው የግቢው መግቢያ በር ነው።

እንደገባችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ቀጥታ ፓልም ሃውስ ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1848 የተጠናቀቀ የብረትና የመስታወት ቤት ነው። በሩን ስትከፍቱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ለትንሽ ጊዜ ምንም አይታየውም። እማማ ካፖርታቸውን እዚያ ያወልቃሉ። የአፍሪካው ክፍል በደቡቡ ጫፍ ነው። ቡና ፈልጉ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ዘይት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ይላል። አክስቴን የወሰድኳት ጊዜ ቡናውን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ለሚያልፈው ፈረንጅ ሁሉ በአማርኛ ታስረዳ ጀመር፤ አለቃቀሙን፣ አሰጣጡን፣ አቆላሉን በእጇ እያሳየች። ሰዎቹም ቆመው ሰሟት። ያን ቀን ከተማውን የወደደችው እዚያ ነው።

እዚያው አካባቢ ዘንባባ የሚመስል፣ ሳይካድ የሚባል ተክል አለ። እ.ኤ.አ. በ1775 ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ጎንደር ላይ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ይህን ለእማማ ንገሪያቸው፤ ከዚያ በኋላ ተረቱ የሳቸው ነው።

ለ13 ዓመቱ ልጅ ስለ ዛፍ አታውሪለት። በዛፎቹ አናት ላይ 18 ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ አለ፤ እዚያ ውሰዱት። ወለሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ቁልቁል ይታያል። ከዚያ ዘ ሃይቭ። ቁመቱ 17 ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቀፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለሚላኑ ኤክስፖ ተሠርቶ በማግስቱ ዓመት ወደ ኪው መጣ። መብራቱና ድምፁ የሚንቀሳቀሰው እዚያው ኪው በሚገኝ እውነተኛ የንብ ቀፎ ንዝረት ነው። ንቦቹ ሲበረቱ እሱም ይበረታል። ንብ የሚያውቁ አያትና ስልክ የማይለቅ ልጅ ጎን ለጎን ሲያዩት ደስ ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪው። የኪው ሳይንቲስቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ የአየር ንብረት ለውጥ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶውን ለቡና የማይሆን ሊያደርገው ይችላል። ልጆቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው እላለሁ፤ ቡናው የነሱም ነው።

ለሁለቱ ትንንሾች ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ የመጫወቻ ግቢ አለ። አንዴ ከገቡ ማስወጣቱ ፈተና ነውና ወደ ማብቂያው አድርጉት። ሳይክልና ስኩተር አይፈቀድም። ሄትሮው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በየጥቂት ደቂቃው በላያችሁ ያልፋል። ትልልቆቹን ይረብሽ ይሆናል፤ የ3 ዓመቱ ግን ይፈነድቃል።

ስለ ምግብ፦ የፈረንጆቹ ፋሲካ ብዙ ጊዜ የኛ ጾም ሳይፈታ ስለሚውል፣ እማማ የሚቀምሱት ካፌው ውስጥ እንደ ልብ ላይገኝ ይችላል። ሣር ላይ ቁጭ ብሎ መብላት ይፈቀዳል። የጾም ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙስ ያዙ። በሚያዝያ የቼሪው ዛፍ አበባ ስለሚያወጣ ከሥሩ ብትቀመጡ ሌላ ጌጥ አትፈልጉም። መሬቱ ግን እርጥብ ነው፤ የሚነጠፍ ነገር አትርሺ።

ለፓልም ሃውስ ትልቅ እድሳት ስለታቀደለት፣ ከመነሳታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ድረ ገጹ ላይ እዩ። የመስታወት ቤቶቹ ከዋናው በር ቀድመው ይዘጋሉና የእማማን ቡና ለማታ አታቆዩት።