ኃይሉ ምን ሠራ ብላችሁ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

በኤሌክትሪክ ሥራ አርጅቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ማለዳ ማለዳ በጣና ዳር ስራመድ የማገኛችሁ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሡልኛላችሁ፤ አገር የሚያድገው ብዙ ኃይል ስለሚጠቀም ነው ወይስ ብዙ ኃይል የሚጠቀመው ስላደገ ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ክራፍትና ክራፍት የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1947 እስከ 1974 ያለውን የአሜሪካ መረጃ መርምረው፣ ቀድሞ የሚሄደው የኢኮኖሚ ዕድገቱ እንጂ የኃይል ፍጆታው አይደለም አሉ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን በየአገሩ የተለያየ መልስ አግኝተዋል። ስለዚህ በአንድ ጥናት ብቻ በአገራችን ላይ አትፍረዱ።

እኔ አስቀድማችሁ «ፍጆታ» የሚለውን ቃል እንድትመረምሩ እለምናችኋለሁ። በአገራችን ከሚፈጀው ኃይል እጅግ የሚበዛው ዛሬም እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። በሦስት ጉልቻ መሐል ከሚነደው እንጨት ምጣዱን የሚያገኘው ሙቀት ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ሲሆን፣ የቀረው በጢስና በነፋስ ይባክናል፤ እንጨቱን በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው እናት ግን የደከመችው ለሁሉም ነው። ያች ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ብትጀምር የኃይል ፍጆታዋ ይቀንሳል፣ ኑሮዋ ግን ይሻሻላል። ፍጆታንና ዕድገትን ብቻ ያነጻጸረ ሰው ይህን እንዴት ሊያየው ይችላል?

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር ጉልበቱ ከ12 ሜጋ ዋት የማይበልጥ ነበር፤ ሆኖም በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሞ ስለ ነበር ኃይሉን ወደ ሥራ የሚለውጥ ማሽን አልታጣም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መረብ ስለሚገባ የከተማችን ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በተርባይኑና በሠራተኛው ሞተር መካከል ያለው መንገድ፣ ማለትም ማከፋፈያው፣ ትራንስፎርመሩና የሰፈሩ ሽቦ፣ ከማመንጫው ያላነሰ ጥንቃቄ እንደሚሻ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ።

አንድ የማውቃቸው የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲያሰማ ቮልቴጁ ይወርድባቸውና ሞተራቸው ይግላል። ከመብራት ሂሳባቸው ይልቅ ለተቃጠለ ሞተር ማሠሪያ የከፈሉት ስለበዛባቸው ወደ ናፍጣ ተመለሱ። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የፍጆታ ሰንጠረዥ ላይ አልተጻፈም።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሁሉ ወደ ወፍጮ ቤቶችና ወደ ብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ሂዱ፤ መብራት የጠፋበትን ሰዓትና በዚያ ሰዓት የቆመውን ሥራ ለጥቂት ወራት በደብተር መዝግቡ። ቮልቴጅ መለካት የሚያስቸግረው ካለ መለኪያዬን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ።