ያቺ የመጨረሻ ውኃ

ደብዳቤው የመጣው ከደምቢያ ነው፤ ከቆላድባ ወረድ ብሎ ካለ ቀበሌ። ልጁ በስልኩ ጽፎ ላከው እንጂ ቃሉ የአባትየው መሆኑ ያስታውቃል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«በመስኖ ያለማሁትን ቀይ ሽንኩርት የካቲት መጨረሻ ላይ አነሳሁ። ፍሬው ያማረ ነበር። ደላላው የጠራው ዋጋ ስላልጣመኝ ለፋሲካ ይሆናል ብዬ 18 ማዳበሪያ ሞልቼ ቤት አስገባሁ። መሬቱ ደርቆ አልነቀል ሲለን አንድ ውኃ ለቅቄበት ነው የነቀልነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ሸተተ። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ አንገቱን ሲጫኑት ውኃ ይተፋል። ሌላ ሩብ ሄክታር ገና ማሳ ላይ አለኝ። የሚረጭ መድኃኒት ካለ ንገሩኝ።»

አባቴ፣ እግዜር ይተካልዎ። የሚረጭ መድኃኒት ግን የለም። ሱቅ ሄደው ቢጠይቁ የሆነ ነገር አውጥቶ ሊሸጥልዎ የሚሞክር አይጠፋም፤ እንዳይገዙ። የተነቀለ ሽንኩርት ነገ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነው፣ ኬሚካል አይነካውም።

ሽንኩርት የሚበሰብስበት ምክንያት ብዙ ነው። የእርስዎን ግን ማሳዎን ሳላየው ልወራረድ እችላለሁ። ደብዳቤው መሃል እንደ ዋዛ ያለፏት ነገር አለች፦ «አንድ ውኃ ለቅቄበት።» ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሽንኩርት ሲደርስ ቅጠሉ ራሱ ይተኛል። ሲተኛ ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ምግብ ወደ ፍሬው ይወርዳል፣ አንገቱም እየቀጠነ፣ እየደረቀ ሄዶ ይዘጋል። አንገቱ የቤቱ በር ነው በሉት። እርስዎ ሊዘጋ በነበረበት ሰዓት ውኃ ለቀቁበት። እሱም ጠጣ። አንገቱ ረጠበ፣ ፍሬው በውኃ ተነፋ። ከዚያ ያንን እርጥብ አንገት በማጭድ ቀነጠሳችሁት፤ ሻጋታውም ባክቴሪያውም በክፍቱ በር ገባ። ለዚህ ነው ከላይ ያማረው ልጣጭ ስር ውስጡ የቀለጠው። የማዳበሪያ ከረጢቱ ደግሞ የባሰ አደረገው። ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላም ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ያልበዋል፤ ላስቲክ ነክ ከረጢት ውስጥ አፉን ሰፍተው ሲደራርቡት ያ ላብ መውጫ ያጣና መልሶ እሱኑ ይቀቅለዋል።

ትንሽ ልቆጣዎት ነው፣ አይቀየሙኝ። ይህቺን የመጨረሻ ውኃ ከመገጭ ወንዝ ዳር እስከ ማክሰኚት በየዓመቱ አያታለሁ። አፈሩ ዋልካ፣ ጥቁር የሸክላ አፈር፣ መሆኑ ይገባኛል። በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሽንኩርቱን እንደ ሲሚንቶ ይነክሰዋል፣ የሚነቅለውም ጉልበት የቀን ሥራ ነው፣ ገንዘብ ነው። አንዳንዱ ደግሞ (እርስዎን አላልኩም) የሚያጠጣው ሚዛን እንዲያነሳለት ነው። በዚያው ዕለት ማሳ ላይ ለሚሸጥ ሰው ያዋጣው ይሆናል። ለፋሲካ አቆያለሁ የሚል ሰው ግን ውኃ ገዝቶ ቤቱ እንደ ማስገባት ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ሲሆን ሁላችንም እናውቅበታለን። ከነቅጠሉ አስረን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፣ ስንት ወር ይቆይልናል። ቀዩ ላይ ስንደርስ ነው የምንቸኩለው።

እንግዲህ ገና ያልተነሳው ሩብ ሄክታር ላይ እንነጋገር፤ ተስፋው እሱ ላይ ነው። የምነግርዎ ነገር ምንም አያስወጣዎትም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሽንኩርቱን ማድረቅ። እንደ በርበሬ ማድረቅ አይደለም፤ አንገቱንና የውጭ ልጣጩን ብቻ።

ከማሳው ይጀምራል። ቅጠሉ አልፎ አልፎ መተኛት ሲጀምር ውኃውን ያቁሙ። ቀላል አፈር ቢሆን ከመነቀሉ በፊት ሁለት ሳምንት ይበቃው ነበር፤ የእናንተ ዋልካ ውኃ ስለሚይዝ ወደ ሦስት ሳምንት ቢጠጋ ይሻላል። ዩሪያም ከእንግዲህ አይጨምሩ፣ አንገት ያወፍራል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል ራሱ እስኪተኛ ይጠብቁ። ቶሎ ይድረስ ብለው በእግር የሚረግጡትን አይቻለሁ፣ ይሄም አያስፈልግም፣ አንገቱን ማቁሰል ነው። መሬቱ አልነቀል ካለ ውኃ ሳይሆን ዶማ ያምጡ። ከፍሬው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው ከጎን አንዴ ፈንቀል ሲያደርጉት ራሱ ይነሳል። አዎ፣ ሥራው ይበዛል። ዶማ የነካው ፍሬ ከተገኘ ለብቻው ያስቀምጡትና ቀድመው ይብሉት ወይም ይሽጡት፤ ከቀሪው ጋር አይቀላቅሉት።

ከተነቀለ በኋላ ቅጠሉን አይቁረጡ። ይሄን አደራ እላለሁ። ከነቅጠሉ እዚያው ማሳው ላይ በረድፍ ያስተኙት። የሁለተኛው ረድፍ ቅጠል የመጀመሪያውን ረድፍ ፍሬ እንዲሸፍነው አድርጉ፤ እንደ ሳር ቤት ክዳን፣ አንዱ ባንዱ ላይ። የመጋቢት ፀሐይ ባዶ ፍሬ ካገኘ ያቃጥለዋል፣ የተቃጠለው ቦታ ነጣ ብሎ ይለሰልስና ኋላ ይበሰብሳል። ሦስት አራት ቀን እንዲህ ከቆየ በኋላ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ስር ያስገቡት፤ ዳስ ቢሆን፣ ዛፍ ስር ቢሆን፣ የበረቱ ጣራ ቢሆን። እዚያ ሳምንት፣ አሥር ቀን ይቆይ። መሃል ላይ ደመና ካዩ ግን ቀን አይቁጠሩ፣ ቶሎ ይሰብስቡት። በልግ የለንም ብሎ የተዘናጋ ሰው ላይ ነው የመጋቢት ካፊያ የምትመጣው።

መድረሱን እንዴት ያውቃሉ? አንዱን ያንሱና አንገቱን በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መሃል ይዘው ያሻሹት። ውስጡ የሚንሸራተት ነገር ካለ፣ ወይም ጣትዎ ከረጠበ፣ አልደረሰም፤ ይመልሱት። እንደ ደረቅ የበቆሎ ልባስ ኮሽ ካለ ደርሷል። በአንድ ብቻ አይወስኑ፣ ከተለያየ ቦታ ሃያ ሠላሳ ያህል ይሞክሩ። ያኔ ነው ማጭዱ የሚመጣው። ሲቆርጡም ከሥሩ አይላጩት፤ ሁለት ጣት ያህል አንገት ይተዉለት። አንገቱ ወፍራም ሆኖ የቀረውን፣ መንታውን፣ የቆሰለውን ለይተው በዚያው ሳምንት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይስደዱት። የሚቆየው ቀጭን አንገት ያለው ነው።

ማስቀመጫውን በአጭሩ፦ ከመሬት በጉልበት ልክ ከፍ ያለ የአጣና ቆጥ፣ ላዩ ላይ ቀርከሃ ወይም ጭራሮ አራርቆ መደርደር፣ ከላይ የሳር ክዳን። ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ቀን ቀን ምድጃ ይሆናል፤ ሳር ጣል ያድርጉበት። ክምሩ ከአንድ ስንዝር ተኩል አይብለጥ። ድንች አጠገቡ አያስቀምጡ፣ የአንዱ እርጥበት ሌላውን ያበላሻል። በሳምንት አንዴ ገባ ብለው የሸተተውን ይልቀሙ። እንዲህ የተያዘ ሽንኩርት ሁለት ወር አካባቢ ይቆያል፣ ለፋሲካ ከበቂ በላይ ነው።

ሚዛኑ መቀነሱ አይቀርም፣ አልዋሽዎትም። እንበልና ከመቶ ኪሎው ዐሥሩ በድርቀት ቢሄድብዎት ዘጠናውን በበዓል ዋጋ ይሸጡታል። ካሁኑ 18 ማዳበሪያ ስንቱ እንደሚተርፍ እርስዎ ያውቃሉ።

እሱንም ቢሆን ዛሬውኑ ይዘርግፉት። ነገ አይበሉ። ውጭ ጥላ ላይ ስስ አድርገው ይበትኑት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይቀመጥና አንገት አንገቱን እየተጫነ ይልቀም። የለሰለሰው ይጣል፤ ከማሳው ራቅ አድርገው ይቅበሩት እንጂ ወደ መስኖው ቦይ አይወርውሩት፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። የጠነከረው ከሳምንት በላይ ሳይቆይ ይሸጥ። ደላላው ዋጋ ቢሰብርም ይሽጡ፤ ያንን ሽንኩርት ለፋሲካ ማቆየት ከእንግዲህ አይሆንም።

ልጅዎ ይህን ሲያነብልዎት የሁለተኛው ማሳ ቅጠል መተኛት ጀምሮ ከሆነ ፓምፑን ከወንዙ ዳር ያንሱት። ጎረቤት ቢጠይቅዎ ያውሱት፣ ለሦስት ሳምንት አይፈልጉትም።