ቀስትና ክርን የሚገናኙበት፦ ስለ ካልጋሪ ወንዞች ለጠየቃችሁኝ

«ልጄ ቦው ወንዝ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።»

ከላይ ጀምረሽ ንገሪያት፣ እህቴ። ቦው የሚነሳው ሮኪ ተራሮች ላይ፣ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው የቦው የበረዶ ግግር ነው። ባንፍንና ካንሞርን የሚባሉትን ከተሞች አልፎ፣ በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ከተማችን ካልጋሪ ይደርሳል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርድ ኦልድማን የሚባለውን ወንዝ ያገኛል። እዚያ ላይ የሁለቱም ስም ያበቃና ደቡብ ሳስካቸዋን ይባላሉ። ወንዙ የአልበርታን ድንበር እንደተሻገረ ሬድ ዲር የሚባለው ገባር ይጨመርበታል። የሳስካቱንን ከተማ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ፣ ከፕሪንስ አልበርት ከተማ በስተምሥራቅ ከሰሜን ሳስካቸዋን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ያኛው በኤድመንተን ከተማ በኩል የመጣው ነው። ኤድመንተን አክስት ካላት፣ የእሷና የአክስቷ ውሃ እዚያ እንደሚገናኝ ንገሪያት፤ ደስ ይላታል። ከዚያ ዊኒፔግ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁም በኔልሰን ወንዝ አድርጎ ሃድሰን ቤይ።

ሳስካቸዋን የሚለው ስም የመጣው ከክሪ ሕዝብ ቋንቋ ነው። «ፈጥኖ የሚፈስ ወንዝ» ማለት ነው።

«ላይ ባንፍ አካባቢ ውሃው አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሆነው ኬሚካል ገብቶበት ነው?»

አይደለም። የበረዶ ግግሩ ሲንሸራተት ከስሩ ያለውን ዓለት እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ያ የላመ የድንጋይ ዱቄት ውሃው ውስጥ ሳይዘቅጥ ይንሳፈፋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ያን ቀለም ያወጣል።

«እ.ኤ.አ. የ2013ቱን የካልጋሪ ጎርፍ ያመጣው ቦው ነው ወይስ ኤልቦው የሚባለው ወንዝ? በሰኔ መሆኑስ ለምንድነው?»

ሁለቱም ናቸው። ኤልቦው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጆች የሚንቦጫረቁበት ትንሽ ወንዝ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ስሙ «ክርን» ማለት ነው፤ ቦው ደግሞ «ቀስት»። መሃል ከተማ አጠገብ ይገናኛሉ። ከዝናብ በኋላ እዚያ ቆሜ አይቻለሁ፦ የኤልቦው ድፍርስ ውሃ ከቦው አረንጓዴ ውሃ ጎን ለጎን ትንሽ ይሄዳል፤ ከዚያ ነው የሚዋሃደው።

ሰኔ አደገኛ የሆነው ሁለት ውሃ ስለሚገጣጠም ነው። የተራራው በረዶ ገና እየቀለጠ ነው፤ ትልቁ ዝናብም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተራራውና ግርጌው ላይ ለሁለት ቀን ያህል ያለማቋረጥ ዘነበ። መሬቱ ጠግቦ ነበር፤ የሚይዘው ጠፋ። ቁልቁለቱ ደግሞ ውሃውን በሰዓታት ውስጥ ከተማ አደረሰው። በኤልቦው ላይ ያለው የግሌንሞር ግድብ ሞልቶ ፈሰሰ። በደቡብ አልበርታ 100,000 ያህል ሰው ቤቱን ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ስፕሪንግባንክ ላይ፣ የኤልቦውን ጎርፍ ቀልብሶ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ተሠርቷል። ቢሆንም ወንዝ ዳር ቤት የምትከራዩ፣ በተለይ ቤዝመንት፣ ከመፈረማችሁ በፊት የከተማውን የጎርፍ ካርታ እዩ። እባካችሁ።

«ወንዙ በክረምት ሲረጋ ልጆቹ ላዩ ላይ ቢሄዱ ችግር አለው?»

አለው፣ ወንድሜ። ሐይቅና ወንዝ አንድ አይደሉም። ከበረዶው ስር ውሃው እየሮጠ ነው። ከላይ ያሉት ግድቦች ውሃ ሲለቁና ሲይዙ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በረዶው ስር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። አንድ ቦታ መኪና የሚችል የሚመስለው በረዶ፣ ሁለት እርምጃ አልፎ የድልድዩ እግር አጠገብ እንደ ብርጭቆ ስስ ነው። በዚያ ላይ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ በአንድ ቀን ሁሉን ይለውጠዋል። ከተማው አዘጋጅቶ ክፍት ነው ያለው የበረዶ ሜዳ ላይ ውሰዳቸው።