ከግድግዳ ሥር የወጣው የልጆች ሥዕላዊ ታሪክ ማስታወቂያ

ጥያቄ፦ አቃቂ የሚገኘውን የእናቴን የጭቃ ቤት ለማደስ የግድግዳውን ወረቀት ስናነሣ፣ ከሥሩ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ወጣ። በአንዱ ጥግ «ልጆች! ከቅዳሜ ጥቅምት 6 ጀምሮ በሥዕል የተዘጋጀ ታሪክ ይጠብቃችኋል» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ ከሥሩም ፍየል በገመድ የሚጎትት ልጅ ተሥሏል። የጋዜጣው ስምና ዓመተ ምሕረት የነበረበት ራስጌ ተቀድዷል። ከጎኑ ካለው ዜና የሚነበበው «የኢሠፓአኮ አባላት» የሚለው ብቻ ነው። የታተመበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል? ወረቀቱንስ እንዴት ላላቅቀው?
አንባቢያችሁ፣ ከአቃቂ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ራስጌው ቢቀደድም ዓመቱ አልጠፋም። ማስታወቂያው ዕለቱንና ቀኑን አንድ ላይ መጥቀሱ ትልቅ ዕድል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 6 ያሉት 35 ቀናት ልክ አምስት ሳምንት ስለሆኑ፣ ጥቅምት 6 በየትኛውም ዓመት ዕንቍጣጣሽ በዋለበት ዕለት ይውላል። ስለዚህ የምንፈልገው ዕንቍጣጣሽ ቅዳሜ የዋለበትን ዓመት ነው። በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር) ስሌት ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ደምረን የምናገኘውን፣ ከመጠነ ራብዒቱ፣ ማለትም ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል ከሚገኘው ሙሉ ቁጥር፣ ጋር ደምረን ለ7 ስናካፍል ቀሪው 5 ከሆነ ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ በደርግ ዘመን ይህ የሆነው በ1969፣ በ1975 እና በ1980 ዓ.ም. ነው። ለምሳሌ ለ1975 ዓ.ም. 7475 እና 1868 ሲደመሩ 9343 ይሆናሉ፤ ይህም ለ7 ሲካፈል 5 ይቀራል።

ከሦስቱ አንዱን የሚለይልን ጎን ያለው ዜና ነው። ኢሠፓአኮ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) አደራጅ ኮሚሽን፣ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1972 ሲሆን፣ በመስከረም 1977 ኢሠፓ ሲመሠረት ቦታውን ለፓርቲው ለቀቀ። በእነዚህ ዓመታት መካከል የሚገኘው 1975 ብቻ ስለሆነ፣ ጋዜጣው ከጥቅምት 6 ቀን 1975 ጥቂት ቀናት ቀድሞ እንደ ታተመ በሙሉ ልብ ልንነግርዎ እንችላለን።

ይሁን እንጂ ማስታወቂያ የአዘጋጁን ሐሳብ ይነግረናል እንጂ ሥዕላዊ ታሪኩ በእርግጥ ስለ መውጣቱ አይመሰክርም። በዕለቱ የቦታ ጥበት ሊያጋጥም፣ ሠዓሊው ሊዘገይ ይችላል። በመሆኑም ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄደው የጥቅምት 6ን ዕትምና ተከታዮቹን ቅዳሜዎች በጥራዝ እንዲያዩ እንመክራለን። የፊደሉን ቅርጽና የዓምዱን ስፋት ካነጻጸሩ የጋዜጣውንም ስም ያገኙታል። የልጆች ገጽ ከተነበበ በኋላ የቆሎ መጠቅለያ እየሆነ ስለሚያልቅ፣ የእናትዎ ግድግዳ ያቆየልን ይህ ቁራጭ ለእኛ እጅግ ውድ ነው።

ወረቀቱን ግን እባክዎ አይላጡት፤ ውኃም አያስነኩት። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ በዕድሜ ብዛት ይሰባበራል፣ ብርሃን ሲያገኘውም ይበልጥ ይቢጫል። አስቀድመው ብርሃኑን ከጎን አድርገው፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስደግፈው፣ መጀመሪያ ሙሉውን ቀጥሎም ማስታወቂያውን ብቻ በቅርበት ፎቶግራፍ ያንሡ። ግድግዳው የግድ የሚፈርስ ከሆነ፣ ከፊቱ ንጹሕ ወረቀትና ጣውላ ደግፈው ከነጭቃ ልስኑ ዙሪያውን በመቁረጥ ያውጡት፤ ከዚያም በካርቶን ውስጥ አጋድመው እርጥበትና ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።